በስምሽ ያበላሁት ጀላቲ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ቅባቱ ረዳሽ? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? ዛሬም መርፌዬ ላይ ክር አስገቡልኝ እያለች ቤቱን ታዳርሳለች ወይስ እንደምንም ብላ መነጽሩን ማድረግ ጀመረች? የትንሿ ልጅሽስ የፊት ጥርሶች በቀሉላት? እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እንዲያውም ትንሽ ወፍሬአለሁ። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ግን ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። አንቺን የማይበት ዓይን አጥቻለሁ።

አስቀድሜ ልብሽን ላሳርፈው። ጋሼ ደህና ነው። ባልሽ ጤነኛ ነው፣ በየቀኑ እንጨት ቤት ይውላል፣ መጋዙንም እንደ ወትሮው ይስባል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ቁጭ ብለሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

መናፈሻው ምግብ ቤት እንደምሠራ ታውቂያለሽ። አሠሪያችንን ስሟን ትተን «ቶሎ ቶሎ» እንላታለን፤ ሌላ ቃል ከአፏ ስለማንሰማ ነው። ዘንድሮ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ለድግስ የሚመጣው ሰው ኮክቴሉን በብርጭቆ ከሚጠጣው እንጨት ላይ በረዶ ሆኖ ቢልሰው ምን ይለዋል አለች። ጀላቲ ማለቷ ነው፤ ግን የልጆቹ ዓይነት ሳይሆን ሩም ያለበት። መጠጥ ቀማሚያችን ሳቀባት። እኔ ግን ያው ታውቂኛለሽ፣ ማን ጠራህ ሳልባል እኔ እሠራዋለሁ ብዬ ዘው አልኩ።

መጀመሪያ ጉድ ሆንኩ። እጄ ለጋስ ነውና ሩሙን እንደ ውኃ አፈሰስኩበት። ለካ መጠጥ ሲበዛበት አልረጋም ይላል። በማግስቱ ከቅርጹ ላወጣው ስል እንጨቱ ብቻ እጄ ላይ ቀረ፤ የቀረው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ቶሎ ቶሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት። ቀስ በቀስ ግን ገባኝ። ሩሙን ማሳነስ፣ ስኳሩን በውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ናናውን ሳይወቅጡ በእጅ ጨመቅ ማድረግ፣ ሎሚውን መጨረሻ ላይ መጨመር ነው። እንጨቱንም ገና ፈሳሽ ሳለ ከሰካሽው ይጋደማል፤ ጠርዙ ጠጠር ማለት ሲጀምር ነው የሚሰካው። ማንጎውን ያለ መጠጥ፣ ሃብሃቡን ደግሞ ሁለት ዓይነት አድርጌ፣ ሩም ያለበትንና የሌለበትን እሠራ ነበር። ቅዝቃዜው የመጠጡን ሽታ አፍኖ ይይዘዋል፤ ምላስ ላይ ሲቀልጥ ነው የሚታወቀው። ሰው ሁሉ ወደደው፤ እኔም በኩራት ምድር ጠበበችኝ። ከሥራ ስመለስ ለጋሼ እፎክርበታለሁ፣ እሱም እየሳቀ ይሰማኛል።

ጋሼ ለሥራ ብሎ ከእኔ ጋር ሊኖር ሲመጣ መናኸሪያው ላይ ለብቻዬ ጎትተሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። አደራ፣ መጠጥ ካለበት አታድርሰው ነበር ያልሽኝ። ትንሿ የተወለደች ዕለት ብርጭቆውን አንቺ ፊት ከደፋው ወዲህ ጠብታ ሳይቀምስ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አልጽፈውም። እኔም በአቅሜ ዘብ ቆሜ ነበር። መጠጥ ቤት በበዛበት መንገድ ስናልፍ ወሬ አበዛበታለሁ፤ እሱም እየገባው ዝም ብሎ ያስወራኛል።

ባለፈው እሑድ ቶሎ ቶሎ ለሠራተኞቿና ለቤተሰቦቻችን ግቢው ውስጥ ግብዣ አደረገች። ጋሼ የግቢውን አግዳሚ ወንበሮች ጠግኖላት ስለነበር ከፊት አስቀመጠችው። እኔ ንጹሑን ጀላቲ ከፍሪዘሩ ላይኛው መደርደሪያ፣ መጠጥ ያለበትን ከታችኛው አድርጌ ነበር። ጠዋት ሥጋ ሲመጣ ወጥ ቤቷ ቦታ ለማግኘት ሁሉንም አውጥታ እንዳገኘች መልሳዋለች። ደግነቱ ልጆቹ የተረባረቡት ማንጎው ላይ ነው። እኔ ግን ሳልቀምስ፣ ሳላጣራ፣ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሃብሃብ አንስቼ ደረቴን ነፍቼ ለጋሼ ወሰድኩለት። እስከዚህ ያለውን በሌላ ሰው ላሳብበው እችል ይሆናል። የሚቀጥለው የራሴ ነው።

ጋሼ አንዴ ላሰውና ቆም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዘረጋው፤ ይበቃኛል፣ ጥርሴን አመመኝ አለ። ሰው ፊት እንዳልዋረድ ብሎ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ያኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ቶሎ ቶሎም እያየችኝ፣ የእጄን ሥራ የናቀብኝ መሰለኝ። በሞቴ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አፈር ስሆን አልኩት። ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ ጥርሴን አልኩህ እኮ አለኝ። እትዬ፣ ያኔ ነው ከአፌ የወጣው።

«እትዬ ትሙት ብላው!»

ሰዉ ሳቀ። አንዱማ በሚስቱ ከተማለበት አለቀለት ብሎ አጨበጨበ። ጋሼ አልሳቀም። ዓይን ዓይኔን እያየ እስከ መጨረሻው በላው። እንጨቱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ተነሥቶ በበሩ ወጣ። ምን አስቆጣው ብዬ ከእንጨቱ ላይ የቀረችውን ላስኳት። ምላሴ ላይ ስትቀልጥ ሩሙ መጣ።

ሮጬ ስወጣ የለም። ይህን መጻፍ ደግሞ ከሁሉ ይብስብኛል፤ ወደ ቤታችን አልሄድኩም። በቀጥታ መጠጥ ቤቶቹን ነው ያዳረስኩት። አንገቴን በየበሩ እያስገባሁ፣ አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ልብሱ ላይ የመጋዝ ብናኝ ያለበት፣ አልመጣም ወይ እያልኩ ጠየቅሁ። ያ ሁሉ ዘመን የታገለውን ሰው በአንዴ ጥዬው እዚያ ፈለግሁት። ሁሉንም ጨርሼ፣ ላብ አጥምቆኝ ቤት ስደርስ በራችን ከውጭ ተቆልፏል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው አለችኝ። ለካ ራሱ ገብቶ፣ ከውጭ ቆልፊብኝ፣ እስከ ነገ ጠዋት እኔ ብለምንሽም እንዳትከፍቺ ብሏት ኖሯል። ለዚያ ልጅም ቢሆን ብሏታል። ያ ልጅ እኔ ነኝ።

በሩ ሥር ተቀምጬ ይቅርታ ለመንኩት። በኋላ ድምፁ ከታች መጣ፤ እሱም በወዲያ በኩል ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ስሟን ባትጠራ እጥለው ነበር» አለኝ።

እትዬ፣ ሰውዬው መጠጥ የተወው ስለ አንቺ ነው። እኔ ደግሞ አደራ የሰጠሽኝን ሰው በገዛ ስምሽ አስገድጄ አበላሁት። ምነው ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ሁለተኛ በስምሽ እንደማልምል ልምልልሽ ብዬ ያንኑ መሐላ ልጽፍ ስል እጄን ያዝኩት። ይህን ያህል ነው ልማዱ የተጠናወተኝ።

ከዚያ ወዲህ ምንም አልቀመሰም። ግን ከሥራ ሲመለስ ቁልፉን ለልብስ ሰፊዋ ይሰጥና ቆልፊብኝ ይላታል፤ እኔ የምገባው እሷ ስትከፍትልኝ ነው። አብሮኝ ይበላል፣ ያጫውተኛል፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። ከእጄ የሚቀበለውን ሁሉ ግን፣ ውኃም ቢሆን፣ አሽትቶ ነው አፉ የሚያደርሰው። እኔም አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። ጀላቲውን አልሠራም ስላት ቶሎ ቶሎ ዕቃ አጠባ ላይ መደበችኝ፤ አልከፋኝም። አንቺም እንደፈለግሽ ተቆጪኝ፣ መልስም ከልክይኝ፤ ለእሱ ግን እባክሽ ቶሎ ጻፊለት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ይህን ግን አታንብቢላት። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አባትሽ የእንጨት አልጋ ለአሻንጉሊትሽ እየሠራልሽ ነው በያት። አክስታችንን ሳሉ ለቀቀሽ ወይ በይልኝ። ታላቅ ወንድማችንን እንደ ልማዱ በእኔ መሳቁን እንዲቀጥል፣ ዘንድሮ በቂ ምክንያት እንዳለው ንገሪው። ደጃፋችን ለሚቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችንም ሰላምታዬ ይድረስ።

ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ለጋሼ አነበብኩለት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ለአንቺ የሚለው ካለ ጠየቅሁት። እንዲህ ብለህ ጻፍላት አለኝ፦ «ነገም በስምሽ ከማሉብኝ እበላዋለሁ። ሌላ መልስ የለኝም። ይህን ከእኔ ስሚው።»

ታናሽ ወንድምሽ

ከልብስ ሰፊዋ ጎን ካለችው ክፍላችን፣ ግንቦት ፲፰ ቀን ተጻፈ።