ከመንገዱ ማዶ

ማርች 12። ወንድምሽን ክሌይን ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎታል።

ልጄ ኮሪን፣ በሰው አገር እግዚአብሔር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጣሪያውን ጠግኗል፤ አሁንም ያፈሳል። በርሊን ብርድ ነው አሉ፣ ደርበሽ ልበሺ።

ዩኒቨርሲቲው ያለው ቨርጂኒያ ነው፤ ከሌላ ግዛት የሚያመለክቱትን እምብዛም አይቀበልም። መንገዳችን የሁለት ግዛቶች ወሰን ስለሆነ የእኛ ቤት ቴኔሲ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የአክስትሽ የኦፓል ቤት ደግሞ ቨርጂኒያ ሆነ። ስለዚህ ቅጹ ላይ ክሌይ የሚኖረው እሷ ዘንድ ነው ብለን ሞላን። አባትሽ «መንገድ መሻገር ኃጢአት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሰው ኦፓል ቤት ደውሎ ክሌይን ጠየቀ። እሷም «እራቱን ሊበላ ቤቱ ሄዷል» አለችው። ሰውዬው አመስግኖ ዘጋ። ትናንት ደብዳቤ መጣ። ክሌይ የት እንደሚኖር እኔ በመሐላ እንዳረጋግጥ፣ ሐሰት ከተገኘበት ግን እሱ እንደሚባረር፣ እኔም በሕግ እንደምጠየቅ ይላል።

ይህን በስልኬ የምጽፍልሽ ባንክ ቤት ተራ እየጠበቅኩ ነው። የመሐላ ወረቀት የሚፈረመው እዚህ ነው፤ የሚያስምሉት ሚስዝ ሃርገስ ናቸው፣ የሰንበት ትምህርት ያስተማሩሽ። አሁን ጠሩኝ። «ነይ እንጂ ዶና፣ ቀኝ እጅሽን ማንሳት ብቻ ነው» አሉኝ።

ማታ ለክሌይ ደውይለት፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰማል። አፍሽን እግዚአብሔር ይባርከው። ክሌይ ውጭ መኪናው ውስጥ እየጠበቀኝ ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ኮፍያ አድርጓል። የመሐላ ወረቀቱን ሳልፈርም ወንበሩ ላይ ትቼ ልወጣ ነው።