አሸንፎ መነሳት

ሰኞ
ዛሬም ተበላሁ! በመጀመሪያው ሰዓት ደህና እየመራሁ ነበር፤ ከዚያ እስከ ማታ ቁጭ ብዬ ሁሉንም መልሼ አስረከብኩ። የኔ የኦንላይን ፖከር ቁማር ነገር ይኸው ነው፦ አጭር ስቀመጥ አሸንፋለሁ፣ ስቆይ እበላለሁ። እያወቅኩት አልነሳም። የምሠራበት የቡርንስቪሉ ሱቅ ማናጀሬ ደግሞ የቅዳሜ ሽፍቴን፣ የሥራ ተራዬን፣ ልተው አልተው እስከ ዓርብ እንድነግራት ትፈልጋለች። "ደመወዙን በፖከር እተካዋለሁ" ብዬ በሆዴ የፎከርኩት እኔው ነኝ። ባሌ ግርማ አልሰማም።

ማክሰኞ
ልብስ እያጠፍኩ ገባኝ። ስግብግብነት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው! የሰው ገንዘብ ወስዶ ወዲያው ብድግ ማለት ይከብደኛል። ማንን ነው የማፍረው ግን? አብረውኝ ከሚጫወቱት አንዷ ፎቶዋ ድመት ነው፣ የሌላው የጭነት መኪና። ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

ረቡዕ
ለግርማ ሁሉንም ነገርኩት፣ የሽፍቱንም። ይቆጣል ስል ከት ብሎ ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ ድመቷ ትታዘበኛለች ብለሽ ነው?" ከዚያ ኮስተር አለ። "አንዴ እንኳ አሸንፈሽ ተነሺና አሳዪኝ። እስከዚያ ሽፍቱን እንዳትለቂ።"
ልጄ ሃና ከሶፋው ላይ፣ "ማም፣ ጀስት ክሊክ ሊቭ!" "ውጣ" የሚለውን ብቻ ተጫኚ ማለቷ ነው።
እሷ ምን አለባት፣ እዚህ ፈረንጅ አገር የተወለደች። ከሰው ቤት "ባይ" ብላ ውልቅ ነው። እኔ ስሰናበት በር ላይ ብቻ ስንት ወሬ አወራለሁ።

ሐሙስ
አላርም ሞላሁ። አንድ ሰዓት ብቻ። ሲጮህ እየመራሁ ነበር። ድመቷ ግን ክፉኛ እየተበላች ነው፤ አንጀቴን በላችው። ገንዘቧን ትንሽ ታስመልስ ብዬ ቆየሁላት። አስመለሰች። የኔንም ጨምራ ወሰደች! ራት አልበላም ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ
ጠዋት ተቀመጥኩ። አላርሙ ጮኸ። እየመራሁ ነው። ልወጣ ነው ብዬ ብጽፍ ድመቷ "ገና ነው፣ የት ልትሄጂ?" ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈችልኝ። "በሉ ደህና ዋሉ፣ ልጆች ይጠብቁኛል" ብዬ ለስክሪኑ፣ ያውም በአማርኛ፣ ተሰናብቼ ዘጋሁት። ልጆች? ሃና ትምህርት ቤት ናት!
አሸነፍኩ። ደስታው የታለ? ሽንኩርት እየከተፍኩ "ድመቷ አሁን ምን ትለኝ ይሆን" እላለሁ። ለግርማ ሥራ ቦታው ደወልኩለት። "በይ ሽማግሌ ላኪባት" አለኝ፣ ቀልዱ አያልቅበት።
ማናጀሯ ስትደውል ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳት። እዚያ ሱቅ ሰዓቴ ሲደርስ ኮቴን አንስቼ እወጣለሁ፤ የሚቀየመኝ የለም። ቀለል አለኝ።
ድመቷ ግን ተቀይማኝ ይሆን?