የማቴዎስ ዓመት ቀርከሃ

ቆሰበር፣ መጋቢት 5 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ አባት፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጾሙስ እንዴት ይዞሃል? ጫግኒ ወርደህ ወባው እንዳልደፈረህ፣ ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚቆረጥምህ ጉልበትህም ቆላው እንደተስማማው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ፣ ይህን እስክጽፍ ድረስ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ።

አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፈች ሴት ዛሬ ምን ነካት እንደምትል አውቃለሁ። ናፍቄያት ነው እንዳትል። የጻፍሁልህ ስለ ጣሪያው ነው።

ልጃችን እናትነሽ ነፍሰ ጡር ናት። ዳንግላ ባሏ ቤት ነው ያለች፤ በደህና ይዟታል። ወሯ ሰኔ ላይ ይገባል። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና ግንቦት ላይ ሊያመጡልኝ ቀን ቆርጠዋል። እኔም የማስተኛት አንተ ምሰሶውን ባቆምህበት ቤት ነው። ያ ቤት በላይዋ እንዳይወርድ እፈራለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የሰፈራችን የባለቤቶች ማኅበር አንተ ሳለህ እንዴት እንደነበር ታውቃለህ። ቤት ያለው ሁሉ ቀርከሃውን በጋራ ይተክላል፣ ያጥራል፣ ይጠብቃል፤ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘው ብቻ በበጋ ተቆርጦ ለየቤቱ ይታደላል። አንተ ከሄድህ በኋላ የማኅበሩ ዳኛ አቶ አዝመራው ሆነ። ስብሰባ የሚጠራው ለራሱ ሲመቸው ነው። አብረውት የተመረጡት ሁለት ሽማግሎችም እሱ ሲያስነጥስ ይማርህ ከማለት በቀር ሥራ የላቸውም።

አምና በጥር ያንን ትልቅ ቤት ሠራ። ቀርከሃውን ከየት አመጣኸው ሲባል ከአዘና ገበያ ገዛሁ አለ። እኛም ሞኞቹ እንኳን ደስ ያለህ ብለን፣ ጠላውን ጠጥተን፣ መርቀነው ወጣን። የእኛ ድርሻ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ከረመና በነሐሴ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ቡቃያው ከመሬት ብቅ በሚልበት ወር አስቆረጠው። በክረምት የተቆረጠ ለጋ ቀርከሃ ለነቀዝ ድግስ ነው ብለን ብንጮህ የሚሰማን አጣን። በጥቅምት ታደለን፤ ያረጀው የጣሪያ ወራጅ ወርዶ በዚያው ተተካ።

አሁን በየማለዳው ከአልጋዬ ላይ ዱቄት እጠርጋለሁ። እንደተነፋ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው። ጠርጌ ሳልጨርስ ይወርዳል። ዝም ብዬ ስቀመጥ ነቀዙ ሲፈልጥ ይሰማኛል፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አልቀመጥም፣ ከቤት ወደ ደጅ ከደጅ ወደ ቤት እላለሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ደጊቱ፣ ባሏ የሞተባት፣ ባለፈው ሳምንት ወንዝ ወርዳ ስትመለስ ጣሪያዋ ምድጃዋ ላይ ተኝቶ አገኘችው። አዝመራው ሊያያት መጥቶ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፣ ምን ይደረጋል አላት። እሷም በአገውኛ መለሰችለት። ያለችውን ልጽፍልህ በጾም አፈርሁ።

እሑድ መጋቢት 13 ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ጠርቷል። ጣሪያው የተበላሸው በማንም ጥፋት አይደለም የሚል ወረቀት ላይ እንድንፈርም ይፈልጋል። ለፈረመ፣ አሁን ደርሶ ከቆመው ቀርከሃ ይታደላል። ባለቤቱ ራሱ ያልቀረበ ቤት ደግሞ ከመዝገብ ይሰረዛል። ቤታችን እስከ ዛሬ በአንተ ስም ነው። እውነቱን ልንገርህ፤ የት ሄደ ሲሉኝ ንግድ ላይ ነው እያልሁ ነው አራት ዓመት የቆየሁ። መፋታታችንን ለመናገር አንደበቴ እምቢ አለኝ።

ስለዚህ ና። ደኑ ውስጥ ጉቶዎቹ እንዳሉ ናቸው። በየኅዳሩ በስባሪ ማረሻ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ የተኮስኸው የዓመቱ ምልክት ጉቶው ላይ ይታያል። ማቴዎስ አንድ ጭረት፣ ማርቆስ ሁለት፣ ሉቃስ ሦስት፣ ዮሐንስ መስቀል። ቆመህ ብታነብላቸው የበሰለው ከእኛ ድርሻ በፊት ተቆርጦ መወሰዱ፣ ለእኛ የተሰጠውም የሉቃስ፣ የዓመት ልጅ መሆኑ ይታወቃል። አዝመራው ምልክቱን የሚያነብ ሰው ከአገር ወጥቷል እያለ ይዝናናል። ከመጣህ የማታድር ከሆነም ግድ የለም፣ ስንቅ አሲዝሃለሁ።

መጋቢት 14 ቀን

ይህ ደብዳቤ ቆይቶብሃል። ሊያደርስልህ የነበረው ነጋዴው ደሴ በቅሎው አነከሰችበትና ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ተቀመጠ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ በቅሎዋን ስጠይቅ ከረምሁ። የገዛ እናቴ ታማ እንኳ እንደዚያ አልተመላለስሁም። ሐሙስ ላይ በእግሬ ልምጣ ብዬ ነጠላዬን ለብሼ እስከ ሰፈሩ ዳር ሄድሁ። ከዚያ ተመለስሁ። ምን ብዬ እደጅህ እቆማለሁ?

እሑድ ደረሰ። ባለቤቶቹ ደኑ አጠገብ ተቀመጡ። ጸሐፊው ገብረ ማርያም ስም ሲጠራ ያንተ ስም ላይ ደረሰ። ተነሥቼ አለሁ አልሁ። አዝመራው ሳቀ። በማን ስም ነው የምትናገሪ፣ ባልሽ ጥሎሽ ከሄደ አራት ዓመቱ አይደለም ወይ አለኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ጉዳችንን ለካ ከማንም በፊት ያውቀው ኖሯል። አዎ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከፋሲካ በኋላ ሄዷል፣ ደኑን ግን እኔ አልተውሁትም አልሁና ከነጠላዬ ሥር ስባሪ ማረሻውን አወጣሁ።

ከዚያ ወደ ጉቶዎቹ መራኋቸው። የበሰለው የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። ጉቶውን ጠርጌ አሳየሁ፤ የዮሐንስ መስቀል፣ የማቴዎስ አንድ ጭረት። ማረሻውን ጠባሳው ላይ ሳስቀምጠው ልክክ አለ። አዝመራው ይህ የማቴዎስ የምትዪው የሃምሳ ሦስት ነው፣ ተኳሹ ያኔ እዚህ አልነበረም፣ ምልክቱ የውሸት ነው አለ። ተኳሿ እኔ ነኝ አልሁት።

አዎ፣ አንተ ከሄድህ ጀምሮ በየኅዳሩ እኔ ነኝ የተኮስሁት። ማን ያዘዘኝ አለ? አንተ ብርድሽን ታቀፊ ብለኸኝ ወደ ሙቀትህ ስትወርድ ማረሻውን ከደጃፍ ረስተኸዋል። እጄ ሥራ ፈትቶ ሲውል ስለምቃጠል ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሰዎቹ ከደኑ ወደ አዝመራው ቤት ሄዱ። ከምልክቱ በታች፣ ከመሬት ሥር የተቆረጠ አንድ የደጃፍ ቋሚ ተገኘ። ጭቃው ሲፋቅ የማቴዎስ ጭረት ከሥሩ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የአዘና ነገር አልተነሣም። ቤቱን አላፈረሱበትም፤ ልጆች አሉት። ዳኝነቱን ግን ከእሱ ወስደዋል፣ ሁለቱ ሽማግሎችም ሳይነገራቸው ተነሥተው ሄዱ። ደርሶ ከቆመው የማርቆስ ቀርከሃ ቅድሚያ ለደጊቱ ተሰጠ፣ ቀጥሎ አራስ ለሚገባበት ቤት፣ ለእኔ። ዝናብ ሳይጥል፣ በዚህ ወር ይቆረጣል።

ገብረ ማርያም መዝገቡን ገልጦ ያንተን ስም ሰርዤ ያንቺን ልጻፍ አለኝ። ከሥሩ ጻፈኝ፣ የላዩን አትንካው አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ከሥሩ ጻፈ።

እንግዲህ ጉቶውን ስለማንበብ የለመንሁህ ሁሉ ቀርቷል። ደብዳቤውን ልቀድደው አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት። ደሴ ነገ ማለዳ ይነሣል፣ በቅሎዋ ድናለች። የደጊቱ ወንድሞች የእሷን ሲጨርሱ በሚመጣው ሳምንት ጣሪያሽን እንሥራልሽ ብለውኝ ነበር። ተዉት፣ ሠሪ አለኝ አልኋቸው።

እመ ብርሃን ከቆላው በሽታ ትሰውርህ፤ መንገድህን ታቅናልህ። የልጃችንን ልጅ በጤና ለማየት ያብቃን።

የልጅህ እናት