ሁለት ቃል ያሰረዙት እቴቴ

ቤት ውስጥ «እቴቴ»፣ መሥሪያ ቤታቸው ደግሞ «ቀለበት አሳሪዋ» እየተባሉ የሚጠሩት ታላቅ እህታችን፣ ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1941 ዓ.ም. ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣሁት ሁለተኛውና የመጨረሻው ልጅ፣ ይህን የሕይወት ታሪክ ጽፌ የማነብላችሁ እኔ ነኝ። እንድጽፍ ያዘዙኝም ራሳቸው ሲሆኑ፣ አደራቸው «እንዳታሳምረኝ» የሚል ነበር። እሞክራለሁ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። አንድም ቀን አንደኛ ወጥተው አያውቁም። ሰነፍ ሆነው አይደለም፤ ፈተናው ላይ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል እያሉ በኅዳጉ ላይ ሲያርሙ ሰዓቱ ያልቅባቸው ነበር። አስተማሪዎቹ አባታችንን እየጠሩ «ይቺን ልጅ ምከርልን» ይሏቸዋል፤ አባታችን ደግሞ ጥያቄውን አይተው «ተሳስቷላ!» ብለው ይመለሳሉ።

በ1960 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ዲፕሎማ ተመርቀው በዚያው ዓመት በከተማው የወተት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ክፍሉ ሁለት መስኮት ነበረው፤ አንዱ አይከፈትም፣ ሌላው አይዘጋም። እዚያች ክፍል ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠሩ።

ሥራቸውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ወተት እንዳይበላሽ ብለው ፎርማሊን ጠብ የሚያደርጉበት ሰዎች ነበሩ። ፎርማሊን፣ በዚህ የቀብር ቀን ይህን በማንሣቴ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አስከሬን እንዳይፈርስ የሚያደርገው ኬሚካል ነው። እቴቴ ወተቱን በመስታወት ቱቦ ቀድተው በቱቦው ጎን አሲድ ቀስ አድርገው ያወርዱበታል። ፎርማሊን ካለበት ወተቱና አሲዱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሐምራዊ ቀለበት ይወጣል። የላቦራቶሪው ሰዎች እንዲህ ያለ ወተት ሲገጥማቸው «ይሄኛው ቀለበት አስሯል» ይባባላሉ። የእቴቴ ቅጽል ስም የመጣው ከዚህ ነው። በ1965 ዓ.ም. የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ የሆኑትን ባለቤታቸውን ሲያገቡ፣ ባልደረቦቻቸው ሙሽራውን በአሲድ እንፈትሸው ብለው አስቸግረዋቸው ነበር። ከዚህ ጋብቻ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

እንግዲህ አሁን ባልጽፈው ደስ የሚለኝ ቦታ ላይ ደረስን።

እኔ በዚያ ዘመን የወተት መሰብሰቢያ ነበረኝ። በ1979 ዓ.ም. በሙቀቱ ወራት መኪናው እየዘገየ ወተቱ እጄ ላይ ይኮመጥጥብኝ ጀመር። ጎረቤቶቼ የሚያደርጉትን እኔም አደረግኩ፤ በየቢዶኑ ጠብ፣ ጠብ። አንድ ቀን ናሙና ሰብሳቢው መጥቶ ከወተቴ ቀድቶ ሄደ። ናሙናው ላቦራቶሪ የሚደርሰው በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። ወተቱ ቀለበት አሰረ። የቁጥሩ ባለቤት ማን ነው ተብሎ መዝገቡ ሲገለጥ የወጣው የእኔ ስም ነበር። አለቃቸው ደግ ሰው ነበሩና «ምናልባት ተሳስተሽ ይሆናል፣ ድገሚው» አሏቸው። ደገሙት። ሠለሱት። ቀለበቱ ወይ ፍንክች! ፈረሙ። ስምንት መቶ ሊትር ወተት ወደ ፍሳሽ ሲደፋ ቆሜ አየሁ፤ ፈቃዴም ለአንድ ዓመት ታገደ።

አንጀቴ እርር ድብን አለ። ሥጋ ዘመዴ ጉድ ሠራችኝ እያልኩ በየደረስኩበት ስማቸውን አጠፋሁ። አራት ዓመት ሙሉ አላነጋገርኳቸውም። በልጆቻቸው ሰላምታ ይልኩልኛል፤ ልጆቹን እስማለሁ፣ ሰላምታውን ግን ከቁብ አልቆጥረውም። እናታችን በዚህ መሀል አረፉ። እናታችንን ስንቀብር እንኳ እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ቆመን አልተያየንም።

በእነዚያ ዓመታት እቴቴ ከሌላ ነገር ጋር ግብግብ ገጥመው ነበር። ስለ ወተትና ስለ ወተት ውጤቶች አዲስ ደንብ እየተረቀቀ ነበር። ረቂቁ «የማቆያ ኬሚካሎች እንደ አስፈላጊነቱ ሊጨመሩ ይችላሉ» ይላል። እንደ አስፈላጊነቱ! መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚወዳት ሐረግ ናት፤ ማንንም አታስቀይምም፣ ማንንም አትይዝም። እቴቴ ይህቺ ሐረግ እንድትሰረዝና በምትኩ የኬሚካሉ ስምና መጠን በቁጥር እንዲጻፍ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። የመጣላቸው መልስ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም «ጥያቄዎ እንደ አስፈላጊነቱ ይታያል» የሚል ነበር። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ ያን ቀን በሳቅ ብዛት እንባቸው ወርዷል፤ በማግስቱ አሥራ ሁለተኛውን ጻፉ።

በ1983 ዓ.ም. ረቂቁ ለውይይት ቀረበ። የወተት ሰብሳቢዎች ማኅበር ሐረጓ እንዳለች እንድትቆይ ይፈልግ ነበርና ተናጋሪ አድርጎ መረጠኝ። ከእቴቴ ጋር መኳረፌን የማያውቅ አልነበረም፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ከየት ያመጣሉ? የማኅበሩን ባለ ሁለት ገጽ ንግግር ኪሴ ከትቼ አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እቴቴ ከእኔ በፊት ተነሡ። ክምር ወረቀት ይዘው ነበር፤ አንዱንም አላነበቡም። ማይክሮፎኑ ሲንጫጫ እስኪያበቃ ጠበቁና «እንደ አስፈላጊነቱ ይላል» አሉ። «ለማን ነው የሚያስፈልገው?»

ይህን ብለው ተቀመጡ። የስብሰባው መሪ ወረቀታቸውን አገላበጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ የእኔን ስም ጠሩ።

ተነሣሁ። ንግግሩን ከኪሴ ላወጣ የሰደድኩት እጄ እዚያው ቀረ። የጠየቁትን ጥያቄ መልስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ አፌ የራሱን አመጣ።

«ለእኔ ነበር የሚያስፈልገው» አልኩ። «ለልጆቼ ወደ ቤት የምወስደውን ግን ጠብታው ከመግባቱ በፊት ነበር የምቀዳው።»

ከኋላዬ ያሉት የማኅበሩ ሰዎች አጉረመረሙ፤ ግን አንዱም ተነሥቶ ውሸት ነው አላለም። አጎንብሰው ጫማቸውን ያዩ ነበር። እነሱም ለቤታቸው የሚቀዱት መቼ እንደሆነ ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ሁለቱ ቃላት ተሰረዙ። በጥሬ ወተት ላይ ማናቸውም የማቆያ ኬሚካል ክልክል ሆነ። ለአይብና ለእርጎ የተፈቀዱት ጥቂቶቹ በስማቸው ተጻፉ፤ በእያንዳንዱ ትይዩ በኪሎ ከዚህ አይበልጥም የሚል ቁጥር ገባ፤ ማሸጊያውም ላይ እንዲታተም ታዘዘ። እህቴ አሸነፉ! በማሸነፋቸው ዛሬ፣ እዚህ አስከሬናቸው ፊት ቆሜ እንኳ ደስ ይለኛል።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። ያቅፉኛል ብላችሁ ከጠበቃችሁ እቴቴን አታውቋቸውም ማለት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ዝም እንዳልተባባልን ሁሉ «ማቀዝቀዣ ያስፈልግሃል» አሉኝ። በሳምንቱ ባለቤታቸው መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው ተከሉልኝ።

መከልከል ብቻውን ሥራ አይደለም ይሉ ነበር። ሰው ወተቱ እንዳይበላሽበት ሌላ መንገድ ካላገኘ ወደ ጠብታው ይመለሳል እያሉ በየመሰብሰቢያው ማቀዝቀዣ እንዲገባ ባለሥልጣኖቹን መውጫ መግቢያ አሳጧቸው። ጡረታ በወጡበት በ1996 ዓ.ም. አርባ አንድ መሰብሰቢያዎች ማቀዝቀዣ ነበራቸው። በዚያ ዓመት ከመጣው ናሙና አንድም ቀለበት አልታየም። አዲስ ለተቀጠሩት ቴክኒሻኖች ቀለበቱ ምን እንደሚመስል ለማሳየት፣ እቴቴ በገዛ እጃቸው ወተት ውስጥ ፎርማሊን መጨመር ግድ ሆነባቸው። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ኩራት ሲሰማቸው አላየሁም።

ኬሚካል የሚባል ነገር ሁሉ ጠላታቸው የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አንድ ጋዜጠኛ ማቆያ የገባበት አይብ በሙሉ መርዝ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ደንቡ የሚፈቅደውን መጠን ጠብቀው ለሚሠሩት አነስተኛ አይብ አምራቾች ጥብቅና የቆሙት እሳቸው ናቸው። ለጋዜጣው በላኩት ደብዳቤ መጠኑን ሳትጠቅስ አታስፈራራ ካሉ በኋላ፣ ሻጋታውንስ ቫይታሚን አድርገኸው ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። ጋዜጣው ደብዳቤውን አላወጣውም። እኔ ግልባጩ አለኝ።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነርሷ እርጎ አመጣችላቸው። መብላቱ አቃታቸው። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ማሸጊያው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የማቆያውን ስም አነበብኩላቸው፤ ቁጥሩንም አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ልክ ነው። አንተ ብላው» አሉኝ። እንባዬ እየወረደ ጠርጌ በላሁት።

ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ስማቸውን ሰምተው የማያውቁ፣ ያለ ሥጋት ወተት ጠጥተው ያደጉ ልጆችም በየቤቱ ቀርተዋል፤ እነሱን ቆጥሬ አልዘልቃቸውም።

እሳቸውን አኩርፌ ያሳለፍኳቸውን አራት ዓመታት ማንም አይመልስልኝም። እዚህ ከመካከላችን እውነት ተነገረኝ ብሎ ከእህቱ ወይም ከወንድሙ የተኳረፈ ካለ፣ ዛሬ ከዚህ ሳይወጣ ያነጋግራቸው። ፈጣሪ የእቴቴን ድካም አንድ በአንድ ቆጥሮ ይክፈላቸው፤ ነፍሳቸውንም እውነት ተናግረው ካለፉት ጋር ያሳርፍልን። አሜን።