ጥቁር የተቀቡት መስኮቶች

ወንድሜ ክላይቭ፣

ያረፍኩባት የካርዊና ከተማ ሰዎች አዳራሻቸውን «ጨለማ ነው» ብለው ሊያፈርሱት ነበር። ያጨለሙት ግን ራሳቸው ናቸው! ወላጆቻቸው በጦርነቱ ለሞቱት ልጆቻቸው መታሰቢያ ብለው ባሠሩት አዳራሽ ውስጥ ፊልም ለማሳየት ሲሉ ከጣሪያው ሥር የተደረደሩትን መስኮቶች ጥቁር ቀቧቸው። ፊልሙ ቀረ፤ ቀለሙ ግን አርባ ዓመት ተቀመጠ። ቀና ብሎ ያየ የለም። ይህን በስብሰባቸው ላይ የተናገርኩት በጩኸት ነው።

ቅዳሜ ከተማው በሙሉ የቀለም መፋቂያ ይዞ መጣ። ሣሩ ላይ ቋሊማ ይጠበሳል። «ይፍረስ» ስትል የከረመችው ከንቲባ ኖሊን ሳትቀር መሰላል ላይ ወጣች።

«ኖሊን፣ ከወደቅሽ መጸዳጃ ቤቱን በስምሽ እንሰይመዋለን!» አላት ሥጋ ሻጩ ሜርቭ።

«አፍህን ዝጋና መሰላሉን ያዝ!»

የመጀመሪያው መስኮት ሲጠራ ብርሃኑ እንደ ወረቀት በታጠፈው የኮንክሪት ጣሪያ ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ድረስ ወረደ። ሁሉም መፋቁን አቆመ። ኖሊን እዚያው መሰላሉ ላይ እንዳለች፣ «ልጅ ሆኜ ነጭ ቀሚስ ለብሼ እዚህ ስጨፍር ይሄ ጣሪያ የት ነበር?» አለች። ዛሬ የማፍረሱን ዕቅድ ራሷ ሰረዘችው።

የእኛ ሰፈር መዋኛ «ያረጀ ሲሚንቶ» ተብሎ ሲፈርስ ዝም ማለታችን አሁንም ያንገበግበኛል። ቤተ መጻሕፍታችን ግን ገና ቆሟል፤ እሱንም ጨለማ ነው ይሉታል። ነገ ሂድና መስኮቶቹን ቀና ብለህ እይልኝ።

ፖስትካርዱ ሞላ። ባለቤትህን ዊልማን ሳምልኝ። ለጉልበትህ ምሕረቱን ይላክልህ፤ መሰላሉን የምትወጣው አንተ ነህ። መፋቂያውን ገዝቼልሃለሁ።

ያንተው ሬክስ