ቡላን ቀን ቀን ማን ይያዝልኝ

ሰኞ ኅዳር 2፣ ጠዋት 1፡40

ቡላ ታስሯል። ውሃው ሞልቷል። የትናንቱ ሽሮ በእንጀራ ተፈትፍቶ ቀርቦለታል። ገና የግቢውን በር ሳልዘጋ ማልቀስ ጀመረ። ውሻ ያለቅሳል ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ጤና ጣቢያ በሽተኛው ተሰልፎ ነው የሚጠብቀኝ። የመድኃኒቱን መስኮት ከእኔ በቀር የሚከፍት የለም። ልሂድ።

ያው ቀን፣ 12፡30

ጉድ ነው የጠበቀኝ፣ ደብተሬ። ገመዱን በጥርሱ በጥሶታል። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይምታው ተብሎ የተሰጣ ነጭ ጋቢ አግኝቶ ዘና ብሎ ተኝቶበታል። የማን ጋቢ? የአከራዬ የቄስ አምሳሉ! ለነገው ቅዳሴ ለብሰውት ሊሄዱ የነበረ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ጋቢውን በእንጨት አንጠልጥለው አሳዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቄሱ መሬት መሬት እያዩ ነው ያነጋገሩኝ። ልጄ፣ ቅር አላለኝም፤ ግን ውሻ የተኛበትን ለብሼ መቅደስ አልገባም፣ ቅያሪም የለኝም አሉ። ለነገ ሌላ ቄስ ተተካ። የፊታችን ሚካኤል ተረኛ ናቸው። እስከዚያ ለቡላ መላ ፈልጊለት አሉኝ። ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ከማዕዳቸው ያበሉኝ ሰዎች ናቸው። አፈርኩ። ቡላን ገላመጥኩት፣ እጄን ላሰኝ።

ማክ. ኅዳር 3

ምሳ ሰዓት ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ምነው ባልተነፈስኩ! ለውሻ ሞግዚት ትፈልጋለች ተባልኩ። የላብራቶሪው ልጅ እኔን ቅጠሪኝ ብሎ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ዋናዋ ነርስ ብቻ አልሳቀችም። ልጅ ስላጣች ውሻ ታቅፋለች እያሉ ያሙሻል፣ ስጪውና ይውጣልሽ አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው። ቢሆንም ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ሐሙስ ኅዳር 5፣ ማታ

ዛሬ ቤት ውስጥ ቆልፌበት ዋልኩ። የበሩን እግር ቦጫጭቆታል፣ ትራሴ ላይ ሸንቷል።

ከሥራ መልስ ይዤው ከላይ ወዳለው የተዘጋ ሆቴል ወጣሁ። ዘበኛውን አውቀዋለሁ፤ የደም ግፊት ኪኒኑን ከእኔ ነው የሚወስደው። ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ድፍን። የሚወጣ እንግዳ የለም፣ ምክንያቱም የሚገባ የለም። ዘበኛው ደስ አለው፣ ቀኑ አልመሽ ብሎት ነበር ለካ። ለአስተዳዳሪው ደወለ። አይሆንም፤ ውሻ ካለ እንግዳ ይፈራል አለው። የቱ እንግዳ?! ዘበኛውም አፈረ፣ እኔም አፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ቡላን እየሰደብኩት ተመለስን። ጅራቱን ይቆላል የኔ ጅል።

ቅዳሜ ኅዳር 7

ተመስገን! ገበያ ላይ ገብስ ስገዛ ጋሽ ሞላን አገኘሁ። ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ በኩል ያርሳሉ፣ ከከተማው በእግር ሃምሳ ደቂቃ። እሳቸውና ሚስታቸው ብቻ ናቸው። ውሻቸውን ጅብ በላባቸው፤ ያልታጨደውን ገብስ ደግሞ ዝንጀሮ እየጨረሰው ነው። ቀን ቀን አምጪውና ይጠብቅልን፣ ማታ ውሰጂው አሉኝ። እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ሰኞ ኅዳር 9

11 ሰዓት ተነሣሁ። አደረስኩት። እየሮጥኩ ሥራ ገባሁ። ማታ እንደገና ወጥቼ አመጣሁት። ተረከዜ ተሰንጥቋል፣ ወገቤ የእኔ አይደለም። ግቢው ግን ዝም ብሎ ዋለ። ቄሱ መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ልተኛ ነው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ረቡዕ ኅዳር 11

ጋሽ ሞላ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸውን አይቼ ነገሩ ገባኝ። ቡላ ሦስቱንም ቀን ማሳው ዘንድ ድርሽ አላለም። መንገዱ ዳር ተጋድሞ ወደ ከተማ ሲያይ ይውላል። የዝንጀሮው መንጋ በአጠገቡ አልፎ የታችኛውን ማሳ ሙልጭ አደረገው። ጮኸ? አልጮኸም።

እታለሜ፣ ማታ እንደምትመጪ ስለሚያውቅ ቀኑን አንቺን ሲጠብቅ ነው የሚውለው አሉ። ወይ ጨርሰሽ ስጪን፣ ወይ ጨርሰሽ ውሰጂው። ከሰጠሽን እስኪለምድ እንዳትመጪ። ከመጣብሽ አባርሪው፣ በድንጋይም ቢሆን። ባትጨክኚ በሁለት ቤት መካከል ሲመላለስ መሽቶበት መንገድ ላይ ጅብ ይበላዋል። የእኛንም እንዲያ ነው የበላብን።

ስንመለስ ቡላ ከፊቴ ከፊቴ ይሮጥ ነበር።

ሐሙስ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ቄሱ ቀድሰው ገቡ። እትዬ ዘውዴ ጠላ ላኩልኝ። ቡላ እግሬ ሥር ታስሯል።

ቤት ልቀይር ብዬ አሰብኩ። ከዚያስ? የትም ብገባ ቀኑ ያው ቀን ነው፣ ሥራውም ያው ሥራ። ሥራውን ልተወው? ምን ልበላ፣ ምን ላበላው?

በዚያ በክፉው ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ ሁለት ቀን በእግሬ ስሸሽ የተከተለኝ እሱ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ስንተኛ ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጥቶኝ ነበር። ቤት ስገባ መግባቴን የሚያውቅ ሌላ ፍጡር የለኝም። ይኸው ጻፍኩት። እወደዋለሁ፣ ማንም ይሳቅ።

ቅዳሜ ኅዳር 14

ሰጠሁት። የጋሽ ሞላ ሚስት አንገቱን እንደ ጥጃ አቅፈው ያዙልኝ። ዞሬ አላየሁም። ድምፁ ግን እስከ ወንዙ ድረስ ተከተለኝ።

ቤቱ ጭር ብሏል። ምንጣፉ ላይ ፀጉሩ አለ። ዛሬ አልጠርግም።

ማክ. ኅዳር 17፣ 7 ሰዓት

ሲስተር፣ ውሻሽ መጣ አሉኝ። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ከበሽተኞቹ ኋላ ተራ እንደያዘ ሰው ቁጭ ብሏል። የፊት እግሩ ደምቷል።

ወጣሁ። ሂድ አልኩት። ጅራቱን ቆላ። ሰው ሁሉ ያያል። ድንጋይ አነሣሁ። የመጀመሪያውን ሆን ብዬ ሳትኩት። ሄዶ አሸተተው፣ የምንጫወት መስሎት። ሁለተኛው ጎኑን አገኘው። አልጮኸም። ቆሞ አየኝ። ቆይቶ ቆይቶ፣ እያነከሰ በመጣበት ተመለሰ።

ገብቼ ሥራ ቀጠልኩ። ለአንዲት አሮጊት የሌላ ሰው ኪኒን ሰጠሁ። ልጄ፣ የእኔ ነጩ ነው ብለው መለሱልኝ።

ሐሙስ ኅዳር 19

ጋሽ ሞላ ሰው ልከውልኛል። ቡላ ያን ዕለት ሳይመሽ ደርሷል። እግሩ እየዳነ ነው። ትናንት ዝንጀሮውን እስከ ገደሉ አባረረው። መንገዱ ዳር መተኛቱን ትቷል። አሁን ለምዷልና እሑድ ነይና እይው ብለዋል።

ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል?

ቅዳሜ ኅዳር 21፣ 11 ሰዓት

ዳቦ ገዛሁለት። የመንገድ ጫማዬን አወጣሁ። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ካየኝ ይከተለኛል። ከተከተለኝ እንደገና መውገሬ ነው። ካልተከተለኝ፣ አይቶኝ ከሸሸ ደግሞ፣ እሱንስ የምችለው አይመስለኝም። የቱ ይሻላል ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ለእሱ የሚሻለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ዳቦውን ለእትዬ ዘውዴ ሰጠኋቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

አልሄድም። ነገም፣ የሚቀጥለው እሑድም፣ ለገናም። ቡላ እንደረሳኝ ሰው ቢነግረኝ እንኳ አልሄድም።