ገጹ አርባ ሦስት፣ ማሽኑ ስልሳ

ሰኞ

ጠፋ! አይ፣ አልጠፋም። ቆይ፣ እኔም አልገባኝም። ዓርብ ኮምፒውተሩ ላይ የሠራሁት ስሌት ገጹ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ግራፉም ጭምር። ግን "ዝናብ" ብዬ የሰየምኩትን ቁጥር ስጠራው ፕሮግራሙ አላውቀውም ይላል። ዓይኔ እያየ!

ቢሮና ኮምፒውተር የምትጋራኝ ሆዳን ሳቀችብኝ። "ናያ፣ ሴቭ ያደረግሽው ገጹን እንጂ ማሽኑ በጭንቅላቱ የያዘውን አይደለም። ስትዘጊው ሁሉንም ይረሳል። ገጹ ላይ የተጻፈውን እንዳታምኚ።"

እንደገና ከላይ እስከ ታች! ከዚህ ወዲያ ግን ውል ገብተናል። ከወንበሩ የምትነሣው ማሽኑ የያዘውን በሙሉ በፋይል ታስቀምጣለች፣ ስሙ ቀንና ሰዓት። በማግስቱ የምትመጣው ትልቁ ሰዓት የተጻፈበትን ፋይል ትከፍታለች።

ይህ ሁሉ ለአደር ፋራህ ነው፤ አደር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። ከአይሻ ከተማ ወጣ ያለ መንደር የውሃ ኮሚቴ ሽማግሌ ናቸው። በቢርካቸው፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረው ገንዳ፣ ያጠራቀሙት የዝናብ ውሃ ስንት ቀን ይቆያል ብለው ጠይቀውናል። የውሃ ቦቴ የሚመጣበትን ቀን የሚቆርጡት በዚያ ቁጥር ነው።

ጠዋት ሆዳን ሠራች። ፕሮግራሙን ሳትዘጋው ለምሳ ስትወጣ እኔ ቀጠልኩ። ለካ ፀሐይን ረስተናታል! የቢርካ ውሃ የሚጠጣው ሰውና ከብት ብቻ ነው እንዴ? አስገባኋት። 43 ቀን ወጣ። "ሰኞ 11" ብዬ አስቀምጬ ሄድኩ።

ማክሰኞ

ትልቁ ሰዓት "ሰኞ 12" ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሆዳን ተመልሳ ነበር ማለት ነው፣ ታታሪ! ከፈትኩት። "ዝናብ" ስለው ወዲያው መለሰልኝ፣ ደስ ሲል።

ግን ገጹ 43 ይላል፣ ማሽኑን ስጠይቀው 60። በስመአብ! ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። ስልሳ። ሆዳን ያረመችው ነገር ይኖር ይሆን? እሷ ባቢሌ ከተማ ለቅሶ ሄዳለች፣ ስልኳ ዝግ ነው። ገጹን እንዳታምኚ ተብያለሁ።

ለአደር ፋራህ ደወልኩና ስልሳ አልኳቸው። "ስልሳ?" አሉና አመስግነው ዘጉት።

ረቡዕ

ሆዳን መጣች። "ምን ብታርሚ ነው ስልሳ የሆነው?" አልኳት።

"እኔ? ሰኞ ከምሳ በኋላ መች ነካሁት፣ ወላሂ!"

"12 ሰዓት ያስቀመጠው ማነው ታዲያ?"

"እኔ ነኛ፣ ለምሳ ልወጣ ስል። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ 12 ይል ነበር።"

የፈረንጅ 12! የእኛ ስድስት ሰዓት! እኔ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር፣ አመሻሽ ላይ 11 ብያለሁ። ትልቁ ቁጥር ያለበት ፋይል አሮጌው ነው፣ ፀሐይ የሌለበት። እሱን ስከፍት በአዲሱ ቦታ የድሮው ቁጥር ገባ። ማሽኑም አላጉረመረመም።

"ሰኞ 11"ን ከፈትነው። 43። እልል ልል ስል አደር ፋራህ ትዝ አሉኝ። አሥራ ሰባት ቀን ውሃ ከየት ይመጣል? ስልካቸው አይሠራም። ስንቴ እንደደወልኩ እንጃ። እህል አልቀመስኩም።

ሐሙስ

ጠዋት አደር ፋራህ ስልኩን አነሡ። እግዜር ይመስገን! "አደር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ነው። አርባ ሦስት ነው። ቦቴውን ወደ ኋላ ገፍተውት ይሆን?" አልኳቸው።

ሳቁ። "አይ ልጄ። ስልሳሽን ለማንም አልተናገርኩም። ቦቴውን በራሳችን ግምት የቀጠርነው ለአርባኛው ቀን ነው፣ እንዳለ ነው። በውሃ ነገር ትንሹን ቁጥር ነው የምናምነው።"

ቁጭ አልኩ። ሆዳን አጠገቤ "ምን አሉ? ምን አሉ?" ትላለች።

ታዲያ እኛን ለምን ጠየቁን? አፍሬ ሳልጠይቃቸው ስልኩን ዘጋሁት።